ወንበር ላይ አይነቃነቁም

ባሌ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰፈሩ «ዝምተኛው» ይለዋል፤ እኔ ሌላ ሌላም እለዋለሁ፣ እሱ ይቅር። ዕድሜውን ሙሉ ቀኝ ክንዱን አንስቶ ሲቆርጥ ኖሮ፣ ዘንድሮ ክንዱ እምቢ አለ። ረጅም ደንበኛ ሲመጣለት «እስቲ ወንበሩ ላይ ዝቅ በልልኝ» ማለት ጀመረ። አንድ ቀን ምላጩ ሰው ጆሮ ሥር ሲንቀጠቀጥ በመስኮት አየሁት። ደንበኛውም ሳያየው አልቀረም፤ ከዚያ ወዲህ ማዶ ያለው ፀጉር ቤት ነው የሚገባው። ሱቁ ከተዘጋ ባሌ ምን ሆኖ እንደሚውል ማሰብ አልፈልግም። ወንበሩና መቀሱ ናቸው ሰው ያደረጉት።

«አመመህ?» ስለው «ኧረ ምንም አይለኝም» ይላል። እናቱን የቀበረ ለታም ያለኝ ይህንኑ ነው።

ሐኪሙ አጥንቱ ደህና ነው፣ ጡንቻው ነው የቋጠረው አለ። ልጃችን ደግሞ «ማሳጅ ይሂድ» አለች። ማሳጅ ሲባል እኔ የማውቀው ሽቶ፣ ለስላሳ ሙዚቃና ሥራ የፈታ ሀብታም ነው። «አይደለም እማዬ፣ ይሄ ጠለቅ ያለው ነው። ከቆዳው ሥር ያለውን ጡንቻ ነው የሚሠሩት» አለችኝ። አልገባኝም፤ ግን ላክሁት።

ማታ ሸሚዙን ሲያወልቅ ጀርባውን አየሁ። ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ትከሻው ሥር በልዟል።

«ከማን ጋር ተጣልተህ ነው?»

«ማሳጅ ነው» አለኝ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ።

በነጋታው ነገር ፍለጋ ሄድኩ። ማሳጅ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን መደገፊያውን ይዤ፣ እያረፍኩ ወጣሁ፤ ንዴቴ ግን ቀድሞኝ ደርሷል። ጠብደል ያለ ሰው ስጠብቅ፣ የልጄ እኩያ የሆነች ቀጭን ልጅ ብቅ አለች።

«ባሌን እንደ ሊጥ ነው እንዴ ያቦካሽው?» አልኳት።

አልተቆጣችም፤ ይሄ ደግሞ ይብስ አናደደኝ። «እትዬ፣ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ» አለች። «ላይ ላዩን በዘይት አሙቄ፣ የቋጠረውን ቦታ በአውራ ጣቴና በክርኔ ቀስ እያልኩ ነው የምጫነው። ደስ የሚል ሕመም አለ፤ ትንፋሽ የሚያስውጥ ሕመምም አለ። እዚያ ከደረሰ ማቆም ነው። በማግስቱ ከባድ ሥራ እንደሠራ ሰው ድቅቅ ማለቱ ያለ ነው፤ እንዲህ መበለዝ ግን የለበትም። እየደጋገምኩ ‹ያምዎታል?› አልኳቸው። ‹ኧረ ምንም አይለኝም፣ ጨምሪ› አሉኝ።»

ደስ የሚል ሕመም ብሎ ነገር ደግሞ ምንድን ነው? የእሷን ጥፋት ፍለጋ መጥቼ የባሌን አገኘሁና ግራ ተጋብቼ ወረድኩ።

የበለዘው ሲጠፋለት አብሬው ሄድኩ። ልጅቷ ጥግ ላይ ወንበር ሰጠችኝ። ባሌ በሆዱ ተኝቶ ፊቱን ለዚሁ በተሠራው የአልጋው ቀዳዳ ውስጥ ከቷል። ክርኗ ትከሻው ላይ አረፈ።

«ያምዎታል ጋሼ?»

«ኧረ ምንም አይለኝም።»

ከአንሶላው ጫፍ ያመለጡት የእግሩ ጣቶች ግን ኩርምት ብለዋል።

«ውሸቱን ነው! ጣቶቹን እያቸው!» ብዬ ጮህኩ።

ልጅቷ ክርኗን አነሳች። ባሌ ፊቱን ሳያወጣ፣ «እኔ ወንበር ላይ ምላጭ የሚቆርጠው የሚነቃነቅን ሰው ነው። እጇ እንዳይስት ብዬ ነው» አለ።

አይ የኔ ነገር! ለካ ሰውዬው የራሱ ደንበኛ ሆኖ ነው የተኛው። ልሳቅ ላልቅስ አላወቅሁም።

«እዚህ እኮ ምላጭ የለም» አለችው ለስለስ ብላ። «እርስዎ ካልነገሩኝ እጄ በምን ያውቃል?» እንደገና ተጫነችው። ጣቶቹ እንደገና ኩርምት አሉ። ከዚያ ያ ዝምተኛው ባሌ «አመመኝ» አለ። ቀነስ አደረገችለት። «እዚህ ይሻላል... ወደ ግራ ያመኛል... ኧረ እሱ ጋ በጣም ያመኛል።» አፉ ተፈታ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩ ስንት ዓመት ለምኜ ያጣሁትን ቃል፣ ለማያውቃት ልጅ ዘረገፈላት። ቀናሁ። ደስም አለኝ። የቱ እንደባሰብኝ እስካሁን አላውቅም።

ክንዱ በአንድ ቀን አልተፈታም። እየተመላለሰ፣ እሷ ያሳየችውን ጡንቻ የማሳሳብ እንቅስቃሴ ቤት ግድግዳ ላይ እየሠራ ነው ቀስ በቀስ ወደ ላይ የወጣለት። ምላጩም መንቀጥቀጡን ተወ።

ባለፈው ከእሷ ዘንድ ስንወጣ፣ ደረጃው መሀል ላይ ቆም ብሎ ጠበቀኝ።

«አንቺስ? ጉልበትሽን ያምሻል እንዴ?» አለኝ።

«ኧረ ምንም አይለኝም» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ከነጠላ ጫማዬ ብቅ ያሉትን ኩርምት ያሉ ጣቶቼን አየ። «ነይ፣ እንመለስ» አለና ፊቱን ወደ ላይ አዞረ።