ከአልጋው ሥር ያለችው ጠርሙስ

የኦፕራሲዮን ረዳቷ ኖ ዋሉ ወሬ ነፍሷ ነው፤ ችግሩ የሚያወራት የለም። በሳልዊን ወንዝ ዳር፣ በቀርከሃ በተሠራው የጫካ ሆስፒታል፣ ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ሲያደርግ እጇን ፈትጋ ታጥባ መሣሪያ ታቀብላለች። ከዚያ ቁስለኛው አጠገብ ቁጭ ብላ የደረቱ ቱቦ ከተነከረባት ጠርሙስ ጋር ታወራለች።

"በይ አረፋሽን ድፈቂ እንጂ፣ ምን ያኮርፍሻል!"

የክር ማሰሪያው በዓል ዕለት ሐኪሙ ደክሞት ተኝቷል። ሌሎቹ ሠራተኞች፣ ነፍሳቸው ከሰውነታቸው እንዳትርቅ ዘመዶቻቸው እጃቸው ላይ ነጭ ክር እንዲያስሩላቸው ወደየመንደራቸው ወረዱ። የዋሉ መንደር ከነሰዎቹ ከነደደ ቆይቷል።

"ሂዱ ሂዱ፤ ቁስለኛውን ሳው ቴን እኔ እጠብቀዋለሁ" አለቻቸው።

ሳው ቴን ጥይት በግራ ጎኑ ገብቶ፣ ሳንባውን ጭሮ፣ ደረትን ከሆድ የሚለየውን ስስ ጡንቻ በስቶ ጣፊያውን አፍርሶበታል። ሐኪሙ መጀመሪያ ደረቱ ውስጥ ቱቦ ከተተለት፤ ቀጥሎ ሆዱን ከፍቶ ጣፊያውን አወጣ፣ ቀዳዳውንም ሰፋ። አሁን የቱቦው ጫፍ ከአልጋው ሥር፣ መሬት ላይ በተቀመጠች ጠርሙስ ውሃ ውስጥ ተነክሯል። ሲተነፍስ ክፉው አየር በአረፋ ይወጣል። ጠርሙሷ ከፍ ካለች ግን ውሃው ተመልሶ ደረቱ ይገባል።

ዋሉ ሩዟን ልታሞቅ ወጣ ስትል የሳው ቴ አክስት ሙጋ ፖሌ በዝናብ ርሳ ደረሰች። እንደ ልማዳቸው የራቀች ነፍስ ልትጠራ የደረጃውን እንጨት በጭልፋ መታ መታ አደረገች።

"ፕሩ! ነይ የልጄ ነፍስ፣ ጫካ ብትሆኚ፣ ወንዝ ብትሆኚ፣ ነይ ግቢ!"

ገባችና ጠርሙሷን አየች። የልጁ ትንፋሽ እንደ ውሻ ውሃ መሬት ተጥሎ! ብድግ አድርጋ ከራስጌው አኖረቻት።

ዋሉ ስትመለስ የሳው ቴ ዓይን ፈጧል። ዘላ ቱቦውን ቆነጠጠች፣ ጠርሙሷን አወረደች፣ ቱቦውን ለቃ አስሳለችው። ቆይቶ፣ አረፋው መጣ።

"ሙጋ! እርስዎ ሊገድሉት ነው?"

"ነፍሱን እግር ሥር ጥላችሁ ዝም ልበል?"

"ነፍሱ ዛሬ ማደሪያዋ ታች ነው! ከፍ ካደረጓት ውሃ ይበላዋል!"

አሮጊቷ ተቀመጠች።

"አክስቴ" አለ ሳው ቴ በቀጭን ድምፅ፣ "ጥይቱ ያቃተውን አንቺ ልትጨርሺው?"

ሳቀና ስፌቱ ጠዘጠዘው። ዋሉም ሳቀች፤ ከሰው ጋር ከሳቀች ስንት ጊዜዋ!

ሙጋ ለልጁ ክሩን አስራ ወደ ዋሉ ባዶ እጅ አየች።

"ያንቺንስ ማን ያስራል?"

"ኦፕራሲዮን የሚገባ እጅ ክር አያደርግም፤ ቆሻሻ ይይዛል።" ለጠያቂ ሁሉ የምትሰጠው መልስ ነው።

"እስክትገቢ ነዋ! ወዲህ በይው።"

አሰረችላት፤ ስሟን ጠርታ ነፍሷንም ጠራችላት። ዋሉ ጎንበስ ብላ ክሩን ለጠርሙሷ አሳየቻት።

ጀምበር ሳትጠልቅ የሆስፒታሉ የመገናኛ ሬዲዮ ቁስለኛ እየመጣ መሆኑን ተናገረ። ዋሉ ሐኪሙን ቀሰቀሰች፤ ወደ ውሃው በርሜል ሄዳ የእጇን ክር በመቀስ ቆረጠችው። የታሰረበትን ቦታ አንዴ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ሳሙናውን አነሳች።