ምላሳቸው የቀደመው የደም ውጤት

ላቦራቶሪው በር ላይ ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ስልሳ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም። ጥፍሮቻቸው በእርድ ቢጫ ሆነዋል። የትልቅ ሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ መሆናቸውን ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ሰሞኑን ምግብ በቀመሱ ቁጥር ከንፈራቸው እያበጠ ሲያስቸግራቸው፣ ሥራ አስኪያጁ «አርጅተዋል፣ ይረፉ» ብሏቸዋል።

«እኔ ግን ቅመሞቼን አንድ በአንድ፣ ለሳምንት ለሳምንት ተውኳቸው» አሉኝ። «ድንብላሉን ስተወው እብጠቱ ጠፋ። አሁን ደሜ ይመስክርልኝ ብዬ መጣሁ።»

ባለሙያዋ ውጤቱን ይዛ ወጣች። «እማማ፣ አለርጂዎ የድንብላል ብቻ ነው። ከእንግዲህ እንዳይቀምሱት።»

«የኔ ልጅ፣ ምላሴ ቀድሞሻል» አሏት። ወረቀቱን ተቀብለው ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ፊታቸው በራ።

«ታዲያ ሳይቀምሱ እንዴት ይሠራሉ?» አልኳቸው።

ሹራባቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅመሙን በእጄ ሰፍሬዋለሁ፤ ልኩን እጄ ያውቀዋል። ሌላው ይቅመሰው። ቀማሽ ሞልቷል ልጄ፣ የሚጠፋው መጣኝ ነው» አሉና ለምሳ ሰዓት ለመድረስ ደረጃውን ፈጠን ፈጠን እያሉ ወረዱ።