ሳፋው ውስጥ የቀረው ብናኝ

"ታሬ፣ ተነስ እንጂ! ረፈደብህ፣ ባጃጅ ታጣለህ።"

ዛሬ ጠዋት ከአልጋዬ ሳልወርድ እንደ ልማዴ ተጣራሁ። ዞር ስል አልጋው እንደተነጠፈ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ታሪኩ ካረፈ ወዲህ ቤታችን በሰው ተሞልቶ ነበር። ትናንት እድርተኞቹ ድንኳኑን ነቀሉ፣ ዘመዶቻችንም ወደየቤታቸው ሄዱ። ክፍላችን ውስጥ ብቻዬን ስነቃ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።

ታሬ እዚሁ አቃቂ ብረታ ብረት ቤት ይሠራ ነበር፤ ማታ ማታ ስልኩ ላይ የህዋ ቪዲዮ ያያል። ቅዳሜ ቱታውን ሲያጥብ የሳፋውን ውሃ በእጁ ያሽከረክርና "ና እይ!" ይለኛል። የብረት ብናኙ እየዞረ መሃል ላይ ይከማቻል።

"ፀሐይም እንዲህ ከጋዝና ከአቧራ ነው የተሠራችው። ዙሪያዋን ሲዞር የቀረው እየተጣበቀ ፕላኔት ሆነ።"

"ሁሉም ቦታ እንደኛው ነው?"

"አንተ ደግሞ! ሁለት ፀሐይ ያለው አለ። ግዙፍ ፕላኔት ኮከቡ ላይ ልጥፍ ያለበት አለ። ከቤተሰቡ ተወርውሮ፣ ያለ ፀሐይ ብቻውን የሚንከራተትም አለ።"

"ይበርደዋላ!"

(እማዬ ስለ ህዋ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "ሳፋዬን አትቧጥጡብኝ!")

ዛሬ መቀመጥ አልቻልኩም። ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ደብተሬን አንስቼ መልሼ ጣልኩት። እማዬ የታሬን ልብሶች ለነዳያን ልትሰጥ ነውና "ቱታውን እጠበው" አለችኝ።

አጠብኩት። ውሃውን አሽከረከርኩት። ብናኙ መሃል ላይ ተሰበሰበ።

"ድፋው እንጂ ልጄ፣ ምን ትጠብቃለህ?"

እናንተስ፣ ሰው ያጣችሁ፣ የመጀመሪያውን ጠዋት እንዴት አለፋችሁት? እኔ መድፋት አቅቶኝ ደጋግሜ ሳሽከረክረው ትምህርት ቤት ረፈደብኝ።