የመካነ ሰላም ጮርቃ ሽማግሎች

ልብስ ሰፊው ገበየሁ ማንበብ አይችልም፤ እንግሊዝኛ መጻፍ ግን ይችላል። ይህን ጥበብ ያገኘው በዚያ ክፉ ቀን፣ በስድሳ ስድስቱ ረሃብ ጊዜ ነው። የእርዳታ ስንዴ ሲያልቅ ጆንያውን እየቀደደ ለልጆች ቁምጣ ይሰፋበት ነበር። የጆንያው ፊደል ሲደበዝዝ በጥቁር ክር ተከትሎ ያድሰዋል። በዚያ ዓመት የመካነ ሰላም ልጅ ዞር ሲል መቀመጫው እንግሊዝኛ ያወራ ነበር።

በስድሳ ሰባት ዘማች ተማሪዎች መጡ። ገበየሁ ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ነገር ግን "ጊዜው የወጣት ነው" ሲባል ከሰማ ጀምሮ ዕረፍት አጣ። ጢሙን ተላጨ፤ ከዘራውን ጣለ፤ ዳገቱን በሩጫ ይወጣው ጀመር።

"ሰውዬ፣ ወገብህን ሰብረህ እኔን አስታማሚ ልታደርገኝ ነው?" አለችው ሚስቱ ቦጋለች።

"አብሽሪ፣ ልጅ እግር ነኝ!" አላት እያለከለከ።

አንድ ቀን በላይ የሚባል የአዲስ አበባ ዘማች ጉልበቱ ላይ የተተረተረ ሱሪ ይዞለት መጣ። ሱሪው ከታች እንደ ደወል የሰፋ ነው። ገበየሁ አገላብጦ አየውና ለሰፋው ሰው አዘነለት። ጉልበቱን ጠቀመ፤ ሳይጠየቅም ሁለቱን እግሮች እስከ ቁርጭምጭሚት አጠበበለት። በላይ ሊለብሰው ቢሞክር ተረከዙ አላልፍ አለ።

"ጋሽ ገበየሁ! ምን አደረጉኝ? ይህ እኮ ፋሽን ነው!"

"ፋሽን የሚባለውን ልብስ ሰፊ አላውቀውም፤ ግን እጁ ገና አልተፍታታም በለው" አለ ገበየሁ። ቀጥሎም፣ "ይልቅ የኔ ልጅ፣ ወጣት የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፍልኝ። ባርኔጣዬ ላይ ልጠልፈው ነው" አለው።

በላይ ጥርሱን ነክሶ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈና ሰጠው። "ኢማቹር ይባላል። የወጣት ወጣት ማለት ነው።"

ገበየሁ በቀይ ክር ጠልፎ አደረገው። ያየ ሁሉ ቀና፤ በሳምንት ውስጥ ስድስት ሽማግሎች አሰፉ። የሰማንያ ዓመቱ አባ አራጌ እንዲያውም፣ "የእኔን ጎላ አድርገው፤ ዓይኔ ደክሟል" አሉት፣ የሚደፉት ግንባራቸው ላይ መሆኑን ረስተው።

ከዚያ የመሬት አዋጁን የሚያስረዳ እንግዳ ከደሴ መጣና ሕዝቡ ገበያው ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። ሰባቱ ባርኔጣዎች ከፊት ተደርድረዋል። እንግዳው "ሰፊው ሕዝብ ሆይ" ብሎ እንደጀመረ ዓይኑ እነሱ ላይ ወደቀ። መነጽሩን አወለቀ፤ ጠርጎ መልሶ አደረገና ሰባቱንም ተራ በተራ አነበበ።

"አብዮቱ ገና አልበሰለም ማለታችሁ ነው?" ሲል ጮኸ። "ማነው ይህን የጻፈ?"

ገበየሁ የተመሰገነ መስሎት ብድግ አለ። "እኔ ነኝ ጌታዬ! ከወደዱት ለእርስዎም እሰፋልዎታለሁ!"

ብርሀንነሽ የምትባል ዘማች እየሮጠች መጥታ እጁን ያዘችው። "ጋሼ፣ ቃሉ ጮርቃ ማለት ነው። ያልበሰለ ሰው።"

የገበየሁ ፊት ከክሩ ይበልጥ ቀላ። በላይ አህያ ጀርባ ተሸሽጎ ነበር፤ የሽማግሌውን ፊት ሲያይ ግን አንጀቱ አልቻለም፤ ወጣ። "እኔ ነኝ ያታለልኳቸው። ሱሪዬን ስላበላሹብኝ ነው።"

"የታለ ሱሪው?" አለ እንግዳው።

በላይ ለብሶት ነበር። እግሩ እንዲያልፍለት ከታች በምላጭ ቀዶት ጨርቁ እንደ ጅራፍ ይወናጨፋል። እንግዳው ቆጣ ለማለት ሞከረ፤ ከንፈሩ አልታዘዝ አለው። ሳቁ ሲፈነዳ ሜዳው ሁሉ ተከተለው።

ገበየሁ ግን አልሳቀም። አንገቱን ደፍቶ ቤት ገባ። ቦጋለች ነገሩን ሰምታ ጠብቃዋለች።

"ሠላሳ ዓመት በአማርኛ ስነግርህ አልገባህም" አለችው፤ "በእንግሊዝኛ ገባህ?"

ያኔ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

በማግስቱ በላይ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ጥልፉን መፍታት ያዘ፤ ቅጣቱ ነው። ብርሀንነሽ ከጎኑ ሆና ለገበየሁ ታስረዳዋለች። "ዩዝፉል ምስጋና ነው፤ ልጅ እግር ማለት። ቻይልዲሽ ግን ስድብ ነው፤ ልጅ ሳይሆን እንደ ልጅ የሚያኮርፍ።"

"እንደኛው ነዋ!" አለ ገበየሁ። "ባቄላው እሸት ሲባል ይበላል፤ ጮርቃ ሲባል ይተፋል። በይ እንግዲህ ማንበብ አስተምሪኝ፤ መጻፉንስ ችዬዋለሁ።"

ስድስቱ ባርኔጣዎች ተፈቱ። አባ አራጌ ግን ሊቀበሏቸው ሲሉ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጫን አደረጉ።

"ሰማንያ ዓመት ኖሬ ገና አልበሰልክም ከተባልኩ፣ አጨዳው ሩቅ ነው ማለት ነው። እንዳትነኩብኝ!" አሉና ባርኔጣቸውን ጎተት አድርገው ወደ ገበያ ወረዱ።