ጉንቮር በትኬት መስኮቷ የምታንሾካሹከው

በመንደራችን አዳራሽ ፊልም በሚታይበት ምሽት ሁሉ ወጥ ቤት ገብቼ ዋፍል የሚባለውን ጣፋጭ ቂጣ የምጋግረው እኔ ነኝ። ስለዚህ አንድም ፊልም ከዳር እስከ ዳር አይቼ አላውቅም። የማውቀው ማን መሃል ላይ ተነስቶ እንደወጣ ብቻ ነው። ዓሣ አጥማጁ ቶርላይፍ፣ ያ በር የማይበቃው ሰውዬ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ከመጣ መርፌ አለ ማለት ነው። ሐልዲስ ከወጣች ውሻ ሊሞት ነው። ትኩስ ዋፍል ከነቡናማ አይቡ አቀርብላቸዋለሁ፣ ክፉው ነገር ሲያልፍ ተመልሰው ይገባሉ።

ይህን ሥርዓት ያመጣችው ትኬት ሻጯ ጉንቮር ናት። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በዚህ ፊዮርድ፣ ተራሮቹ መሃል በገባው የባሕር ክንድ፣ ዳር ፖስታ ያደለችው እሷ ስለሆነች ማን ምን እንደሚያስደነግጠው ታውቃለች። ፊልሙን የሚያዞረው መኪና በየወሩ ይመጣል፤ እሷ ግን ቀድማ በጀልባ ከተማ ትሻገርና ፊልሙን በገዛ ገንዘቧ አይታው ትመለሳለች። ፖስተሩ ላይ "የሚረብሹ ትዕይንቶች አሉት" የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ንድድ ይላታል።

«ይሄም ማስጠንቀቂያ ሆኖ ነው?» ትለኛለች። «ማንን ነው የሚረብሸው? አንቺን እንቅልፍ የሚነሳሽ ነገር ቶርላይፍን ያስቀዋል እኮ!»

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ትነግረዋለች። ትኬቱን እየቀደደች ጠጋ ብላ ታንሾካሹካለች።

«ሐልዲስ፣ ሴትየዋ ቀይ ጓንት ስታጠልቅ ተነሺና ውጪ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲሰማሽ ግቢ። ከዚያ ወዲያ ሰላም ነው።»

«ገዳዩን ደግሞ እንዳትነግሪኝ!»

«እሱንማ አንቺ ሦስቴ ብታዪውም አትደርሺበትም፣ አይዞሽ።»

ታዲያ ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ፣ ቀኑ ገና ሳይጀመር በሚጨልምበት ወቅት፣ ጉንቮር ከከተማ ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም። ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ወንበር ላይ ዘጭ አለች።

«ቦርግሂል፣ ይሄ ፊልም ለአርንፊን አይሆንም» አለችኝ።

አርንፊን የጀልባ መካኒክ የነበረ ጎረቤታችን ነው። አንድያ ልጁ ኤስኪል ከደሴቶቹ ወዲያ ጀልባው ተገልብጣ ሰምጦ ቀርቷል። ዓመታት አልፈዋል፤ ያኔ ገና ጢሙ ማቀምቀም የጀመረ ልጅ ነበር። ጉንቮር ደግሞ የኤስኪል የክርስትና እናት ናት። ፊልሙ ሐይቅ ዳር ስለምትኖር፣ የገዛ አእምሮዋን ማመን ስላቃታት አንዲት ሴት ነው። መሃሉ ላይ አንድ ወጣት ይሰምጣል፤ አሰማመጡ ደግሞ ይረዝማል።

«እና ንገሪው። ለሌላው ሁሉ ትነግሪ የለ?» አልኳት።

«እንዴት ብዬ? ምን ብዬ?»

እውነቷን ነው፣ እኛ እንዲህ ነን። ሰው ሲሞት ምግብ እናደርሳለን፣ በረዶውን ከደጁ እንጠርጋለን፣ ከዚያ ስለ ሟቹ ዝም እንላለን። ቁስሉን ላለመንካት ነው። አርንፊን በዚያ ክረምት ቤቱን ለሽያጭ አውጥቶ፣ በርገን ከተማ ወዳለች እህቱ ሊሄድ ነው ይባል ነበር። ጉንቮርን የሚያስጨንቃት ይኸው ነበር። ፊልም እንኳ ካስቀረሁበት እዚህ ምን ያቆየዋል፣ ካሳየሁት ደግሞ ልቡ ይሰበርና ይሄዳል፣ እያለች ስትብሰለሰል ሰነበተች። አበሳጨችኝ፣ ግን አሳዘነችኝም።

የፊልሙ ምሽት ደረሰና አርንፊን እንደ ልማዱ ጸጉሩን አበጥሮ መጣ። እኔ የዋፍል ሊጡን ጎድጓዳ ሳህን ይዤ ከመስኮቱ ኋላ ቆሜ ነበር።

«ትኬት አልቋል» አለችው ጉንቮር።

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ውሸት ሰምቼ አላውቅም። ያ አዳራሽ ለንጉሡ ጉብኝት እንኳ አልሞላም! አርንፊን በተከፈተው በር ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች ተመለከተ፣ ከዚያ ወደ እሷ።

«ውሃ አለበት፣ አይደል?»

ጉንቮር የትኬቱን ጥቅል ማስተካከል ጀመረች።

«ጉንቮር፣ እናንተ የምታስጠነቅቁት ስለ ፊልም አይደለም፣ ስለ እኔ ነው» አላት፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ። «ሱቅ ስገባ ወሬው ይቀየራል። ወደቡ ላይ ስደርስ ስለ አየሩ ይወራል። ቤቴን የምሸጠው ባሕሩን መቻል አቅቶኝ ይመስልሻል? ስሙን የሚጠራልኝ አንድ ሰው አጥቼ ነው። አንቺ እንኳን፣ ሲጠመቅ ያቀፍሽው አንቺ እንኳን!»

ሊጡ በእጄ ላይ ፈሰሰ፣ አላበስኩትም። ጉንቮር ትኬት ቀደደችለት።

«ሦስተኛው ረድፍ ክፍት ነው» አለችው። «ሁሉም ክፍት ነው።»

«በይ እንደ ሌሎቹ ንገሪኝ።»

ጠጋ አለች። ማንሾካሾክ ግን አቃታት፣ እኔም ሰማሁ። «ሴትየዋ የበረንዳውን መብራት ስታጠፋ ነው። ልጁ ወደ ውሃው ይገባል። አይወጣም።»

«ኤስኪልን ይመስላል?»

«ጸጉሩ ብቻ።»

አርንፊን ራሱን ነቀነቀና ገብቶ ተቀመጠ።

ያቺ ሴት በሰው ፊት ቆማ መናገር አትወድም፤ በጡረታዋ ቀን ንግግር አድርጊ ስትባል ሽንት ቤት ገብታ የተደበቀች ናት። ያን ምሽት ግን መብራቱ ሊጠፋ ሲል ፊልሙ የሚታይበት ሸራ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ዛሬ ማስጠንቀቂያው ለሁላችሁም አንድ ነው» አለች። «ሴትየዋ የበረንዳውን መብራት ስታጠፋ አንድ ልጅ ይሰምጣል። እኛም ኤስኪል ሰምጦብናል። አባቱ እዚህ ተቀምጧል። መውጣት የፈለገ ቦርግሂል ጋ ይውጣ፣ ዋፍል አለ። አርንፊን ግን አይወጣም።»

ሄዳ ከአርንፊን ጎን ተቀመጠች። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ያለኝን ሊጥ ሁሉ መጋገር ጀመርኩ። ግማሹ አዳራሽ ይመጣል ብዬ ሳህኖች ደረደርኩ። ሙዚቃው ወፍራም ሆነ፣ ትዕይንቱ መቃረቡ ገባኝ። በሩን አየሁ። ቶርላይፍ አልመጣም፣ ሐልዲስም አልመጣችም። አንድም ሰው አልወጣም!

የወጥ ቤቱ በር የሚከፈተው ከሦስተኛው ረድፍ ጎን ነው፤ ጨነቀኝና ገርበብ አድርጌ አየሁ። በሸራው ላይ መብራቱ ገና መጥፋቱ ነበር። አርንፊን ወደ ጉንቮር ጎንበስ አለ።

«አሁን ነው» አላት በሹክሹክታ። «ውጪ ከፈለግሽ።»

ጉንቮር ራሷን ነቀነቀች፣ እንቢ አለች። ለሰው ሁሉ የሚፈራውን ነገር ቀድማ ስትነግር የኖረች ሴት ለካ የሚነግራት ሰው ኖሯት አያውቅም። አርንፊን እጇን ያዘ፣ ሁለቱም ቀና ብለው አዩ። እኔም እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ሦስት ዋፍል አረረብኝ።

ፊልሙ ሲያልቅ ሁሉም ወጥ ቤት ገብቶ ተጣበበ። ማንም ስለ ፊልሙ አላወራም። ቶርላይፍ ያረረውን ዋፍል እየገመጠ ወደ አርንፊን ዞረ።

«ያ ልጅህ አንድ ጊዜ ጀልባዬን ሰርቆኝ ነበር» አለ። «ኤስኪል። ቤንዚን እንኳ አልነበራትም፣ የሞኝ ልጅ። እናም ምን አደረገ መሰለህ...»

«ቆይ» አለ አርንፊን። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ለጉንቮርም ሌላ ሳበላት። «ይሄን አልሰማሁም። ከመጀመሪያው ጀምር።»