ተኝቶ የመጣው ፍሪጅ

ሰፈሩ የሚያውቃት «ወረቀት» በሚል ስም ነው። ፍሪጅ ሲመጣላት መጀመሪያ የምታደርገው አንድ ነገር ነው፤ ከደብተር የቀደደቻትን ቀጭን ወረቀት በሩ ላይ ታደርግና ዘግታ ትስባታለች። ያዝ ካደረጋት የበሩ ጎማ ደህና ነው። ሾልካ ከመጣች ቅዝቃዜውም በዚያው ይወጣል ማለት ነው። ይህን ያስተማራት ሰው የለም። አሥራ አራት ዓመት ሆቴል ጓዳ ውስጥ ዕቃ ስታጥብ፣ ሥጋ ቶሎ የሚበላሸው የትኛው ፍሪጅ ውስጥ እንደሆነ እያየች ራሷ የደረሰችበት ነው።

በኋላ የእናቷ ወንድም ወደ ሱቁ አመጣት። ሱቁ አሮጌ ፍሪጅ፣ ምድጃና መፍጫ ብቻ ነው የሚይዘው። ትከሻቸው ክብ የሆነ፣ እጀታቸው እንደ መኪና በር የሚከብድ ፍሪጆች አሉ፤ ዱሮ ሰው ከቤቱ ያወጣቸው ነበሩ፣ ዛሬ ፈልጎ ነው የሚገዛቸው። አጎቷ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዋጋ ሲቆርጥ ኖሮ ዓይኑ ደከመበት። ዝገቱንና ጥላውን መለየት አቃተው። አንድ ቀን ጠዋት በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ጠራት።

«ከዛሬ ጀምሮ ዋጋ የምትናገሪው አንቺ ነሽ። ካወቅሽበት ሱቁ ያንቺ ነው። ካላወቅሽበት ለጎረቤታችን እለቅለታለሁ፤ ከጠየቀኝ ቆይቷል።»

ጎረቤቱን «ጠቅላላው» ይሉታል። ምንም ይምጣ ምን «ጠቅላላው ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ የሚገዛ፣ ቆራርጦ የሚሸጥ የብረት ነጋዴ ነው።

በዚያው ሳምንት አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ነጭ ፍሪጅ በፒካፕ ጭነው መጡ። መጀመሪያ የገቡት ጠቅላላው ዘንድ ነበር። እሱ ፍሪጁ ገና ከመኪና እንደወረደ ሰካው። ቀጭ አለና ዝም አለ። «ሞቷል» ብሎ የብረት ዋጋ ነገራቸው። ነርሷ አላመኑትም፣ ፍሪጁን አስገፍተው ወደ ወረቀት መጡ። እሱም እጁን ኪሱ ከቶ ተከተላቸው።

ወረቀት በሩን በአራቱም ጎን ሞከረችው። ያዝ አደረገ። ጎማውን በጣቷ ስትዳስሰው ፓውደር ፓውደር ይላል።

«እትዬ፣ መኪናው ላይ እንዴት ነው የጫኑት?»

«አስተኝተን ነዋ። ቆሞ ይወድቅብናል ብለን።»

«እንግዲያው ዋጋውን ነገ ልንገርዎት። ሲተኛ የሞተሩ ዘይት ወደ ቱቦው ይሄዳል። እስኪመለስ ቆሞ ማደር አለበት።»

ጠቅላላው ሳቀ። «ፍሪጅም አረፍ ማለት ጀመረ?»

«እርስዎስ ከእንቅልፍዎ እንደነቁ ወዲያው ሒሳብ ይሠራሉ?»

«እሱማ ተኝቶም ይሠራል» አለ አጎቷ።

ነርሷ ፈገግ አሉ፤ ግን ሐሳብ ገባቸው። «የኔ ልጅ፣ እኔ ነገ የለሁም። የቤቱን ቁልፍ ዛሬ አስረክቤ ልጄ ጋ ልሄድ ነው። ሰውየው ደግሞ አሁኑኑ እከፍላለሁ ብሎኛል።»

ወረቀት አጎቷን አየችው። አንገቱን ደፍቷል። መልሱን እሷ እንድታመጣው ትቶታል። ተሳስታ ብትገዛ ሱቁ እንደሚሄድ ታውቃለች።

«የሚሠራ ፍሪጅ ዋጋ እሰጥዎታለሁ» አለች። ጠቅላላው ካለው አራት እጥፍ ነበር።

ነርሷ ገንዘባቸውን ተቀብለው መርቀዋት ሄዱ። አጎቷ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በምን አወቅሽ?»

«በጎማው ነው፣ ጋሼ። እንዳይደርቅ ፓውደር ሲቀባ የኖረ ጎማ ነው። እንዲህ የምትጠነቀቅ ሴት የሞተ ፍሪጅ ጓዳዋ ውስጥ አታቆምም።»

«እንጃ» አለ አጎቷ።

በማግስቱ ጠቅላላው ዳቦውን እየገመጠ በጠዋት መጣ። ወረቀት ግን ፍሪጁን እስከ እኩለ ቀን አልነካችውም። የፈለገውን ያህል ቢያላግጥባት ምድጃ ስትፈትግ ቆየች። ሰዓቱ ሲደርስ ሰካችው።

ቀጭ። ዝም።

«ነግሬሽ ነበር» አለ ጠቅላላው።

ነቀለችው። ወደ ላይ ቀና ብላ አምፖሉን አየች። ፈዟል፣ ይንቀጠቀጣል። ከግድግዳው ባሻገር የጠቅላላው ብረት መቁረጫ ይጮኻል። ሠራተኞቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ ትናንትም ሥራ ላይ ነበሩ።

«እባክዎ መቁረጫዎን ያስጠፉልኝ።»

«ምን አገናኘው?»

«የመብራት መስመራችን አንድ ነው። የዱሮ ሞተር ሲነሳ ብዙ ኃይል ይፈልጋል፤ እርስዎ ደግሞ ጠጥተው ይጨርሱበታል።»

እያጉረመረመ ሄደ። ጩኸቱ ቆመ፣ አምፖሉ ቦግ አለ። ወረቀት ሞተሩ ረፍት እንዲያገኝ ትንሽ ታገሰችና ሰካችው። ፍሪጁ አንዴ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ መሥራቱን ቀጠለ። አጎቷ ከበርጩማው ተነሳና መዳፉን ጎኑ ላይ አሳረፈ። ብዙ ቆየ። ወደ ማታ ላይ በረዶ ቤቱ ውስጥ ያስቀመጠችው ውሃ የበረዶ ቆዳ አወጣ።

ጠቅላላውም ተመልሶ መጥቶ እዚያው ቆሞ ነበር። አጎቷ ወደ እሱ ዞረ።

«ሱቁን ጠይቀኸኝ ነበር አይደል? ከእንግዲህ እሷን ጠይቃት።»

«ትሸጪዋለሽ?» አላት።

«ሱቁን አልሸጥም። ፍሪጁን ከፈለጉ ግን ያነጋግሩኝ።»

ጠቅላላው በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። «ለቤቴ ይሆነኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ስንት ነው?»

ነገረችው። እንደ ማንኛውም ገዢ ራሱን እያከከ ቀንሺልኝ አላት። አልቀነሰችለትም።