ስም ያልወጣለት ሠላሳ ሰባት

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ጋሽ ጠርጥር ነው የሚሉት። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» የምትለዋ ተረት ከአፉ አትለይማ! የሻይ ስኒውን እንኳ መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ ነው የሚያስቀምጠው። ሥራው ከርነል መጻፍ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ ነቅቶ ሌላውን ሁሉ የሚያዘውን ፕሮግራም። ጸጉሩ የሸበተው እዚያው ወንበር ላይ ነው።

ታዲያ ኮዱ ውስጥ ቁጥሮች እንደ ጥሬ ተበትነዋል። እዚህ 64፣ እዚያ 37። ምን ማለት እንደሆኑ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ትንፍሽ አይል። ሚስቱ «ምናለ ብትጽፍላቸው?» ስትለው፣ «ጽፌላቸው ነገ ደህና ሰንብት ሊሉኝ?» ይላታል።

አንድ ጠዋት አዲሷ ባልደረባው ለቁጥሮቹ ስም ማውጣት ጀመረች። 64 የነበረበት ቦታ ሁሉ «የወረፋ_ርዝመት» ሆነ፤ ቁጥሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይጻፋል፣ የቀረው ስሙን ይጠራል።

የጋሽ ጠርጥር ደም ፈላ። «ይቺ ልጅ ጉድጓዴን እየማሰች ነው! ማን ላካት?» ስህተት ቢያገኝ አለቃው ዘንድ ሊሮጥ ሥራዋን መስመር በመስመር አበጠረው። ምን ያደርጋል፣ እንከን የለውም። እንዲያውም አንደኛው 64 ወረፋ ሳይሆን የሜሞሪ ክፋይ መሆኑን ለይታ ሌላ ስም ሰጥታዋለች። ልክ መሆኗ ይበልጥ አናደደው።

37 ብቻ እንዳለ ቀርቷል። አጠገቡ «ጋሼን መጠየቅ» ብላ ጽፋለች።

ወጥመድ ናት፣ አለ በልቡ። እሷ ወንበሯን ስባ መጣች።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ዲስኩ እስኪነቃ የመጠበቂያ ጊዜ ነዋ!»

«እሱማ ገባኝ። ለምን ሠላሳ ሰባት ሆነ? ሠላሳ ለምን አይሆንም?»

ድሮ ኮዱን ሲጽፍ ማሽኑ አልነሳ ብሎት ቁጥር ሲቀያይር በ37 ተነሳለት፤ ከዚያ ወዲህ ነክቶት አያውቅም። ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም። ይህን ያወቁ ዕለት አበቃልኝ ብሎ ነበር ያን ሁሉ ዘመን አፉን የዘጋው። አሁን ፈራ፤ ከልቡ ፈራ።

«አላውቀውም» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር።»

ቀና ብሎ አያት። አልሳቀችም። የቁልፍ ሰሌዳውን ገፋ አደረገችለት። «ስሙን እርስዎ ያውጡለት።»

ጥቂት አመነታና ጻፈ፦ «ምክንያቱ_ያልታወቀ_የዲስክ_መጠበቂያ»።

«ይህ ሲጻፍ የነበረው ዲስክ ቢገኝ እኮ ምክንያቱን አብረን እንደርስበት ነበር» አለች።

ጋሽ ጠርጥር የመሳቢያውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ከፈተው። ያ አሮጌ ዲስክ ከስኒው ሥር ነበር። አንስቶ ሰጣት፤ መሳቢያውን መቆለፍም ረሳ።